የጓሮው አፈር

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ነፍስ ዝራ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጣለት አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። ሦስት ባለሙያዎች «አበቃለት፣ ጣለው» ያሉትን ቴሌቪዥን ተሸክሞ አምጥቶ ጥሎለት ሄደ፤ በማግሥቱ ሲመለስ ሰዎች በስክሪኑ ላይ ሲስቁና ሲያወሩ ቢያገኛቸው፣ «አንተስ ነፍስ ትዘራለህ» አለ። ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

ሱቁ በመንገዱ ዳር ከተደረደሩት ሰባት የጥገና ሱቆች የመጨረሻው ነው። ከሱቁ በስተኋላ ሁለት ክፍልና አንዲት የዕቃ ማስቀመጫ፣ ከክፍሎቹ ጀርባ ደግሞ ጓሮ አለ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ አንዷን ክፍል ለራሱ ይዞ፣ ሌላዋን ከባሏ ተለያይታ ለተመለሰችው ልጁ ለቀቀላት። ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። ይዛት የመጣችው ሕፃን ያኔ ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ አራት ዓመት ሲሞላት ግን ከንጋት እስከ ምሽት አፏ የማይዘጋ ለፍላፊ ሆነች። አያቷ «ሬዲዮ» ይላታል። «ዛሬ ሬዲዮናችን ምን አለች?» ሲላት፣ የጎረቤቱን ድመት ወሬ ሳይቀር አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች።

እንጀራው የሚጋገረው በአሮጌ ዕቃ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ተገልግለውበት የጣሉትን ቴሌቪዥንና ኮምፒውተር ባለ ኮንቴይነሩ የሚሉት ነጋዴ በየሦስት ወሩ ያስመጣና ለሱቆቹ ያከፋፍላል። ሳጥኑ ታሽጎ ነው የሚሰጠው፤ ከፍቶ የማየት ነገር የለም። ከአሥሩ አራቱ ወይም አምስቱ በነፍስ ዝራ እጅ ይነሣል። የቀረው ሙት ነው። ሙቱም ቢሆን በከንቱ አይወድቅም፤ ቦርዱን አውጥቶ ጓሮ ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቆርቆሮ ላይ ያሞቀዋል፣ ብየዳው ሲቀልጥ ጠርዙን መታ መታ ያደርገዋል፣ የተበየዱበት ትንንሽ ዕቃዎችም እንደ በሰለ ፍሬ ይረግፋሉ። ከእነዚያ መካከል ደህና ደህናውን ለሌላ ጥገና ያስቀምጣል። የባለ ሆዱን ቴሌቪዥን ወፍራም መስታወት በመዶሻ ሰባብሮ፣ ከአጥሩ ሥር ጎርፍ በቆፈረው ቦይ ውስጥ ይደፋዋል። አመዱንም እዚያው። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የሠራው። ሰባቱም ሱቆች የሚሠሩት እንዲሁ ነበር፤ ክፉ ሥራ ነው ብሎ ያሰበ አንድም አልነበረም።

ሬዲዮ ዝም ማለት የጀመረችው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። መጀመሪያ ሆዴን አለች። እናቷ ወስፋት ነው ብላ መድኃኒት አጠጣቻት። ከዚያ ምግብ አስጠላት፣ ፊቷ ገረጣ፣ በትንሽ በትልቁ ማልቀስ አበዛች። አያቷን ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን «ያንን… ያንን ስጠኝ» እያለች በጣቷ ስታመለክት አያት፤ የምትፈልገው ማንኪያ ነበር። ማንኪያ የሚለውን ቃል ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቅ ልጅ!

እናቷ ይዛት ወደ ሕፃናት ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ያለችው ነርስ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት ጠና ያለች ሴት፣ ልጅቱን ገልጣ አየቻት፣ ድዷን ተመለከተች፣ ደም ቀድታ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ላከች።

ውጤቱ በስልክ የመጣው ዓርብ ቀን ነው። የላብራቶሪው ሠራተኛ ቸኩሏል። በልጅቱ ደም ውስጥ እርሳስ እንደ ተገኘ፣ መጠኑም ብዙ እንደሆነ፣ ሰኞ ይዛት ብትመጣ ሲስተር እንደምታስረዳት ነገራትና ዘጋው። እናትየው የስልኩን እጀታ እንደ ያዘች ቀረች። እርሳስ? ምን ዓይነት እርሳስ ነው ልጄ የዋጠችው? ቤቱን ገለበጠችው። ፍራሽ አነሣች፣ የመርፌ ሣጥኗን ዘረገፈች፤ በመጨረሻ ከአልጋው ሥር ሁለት ጣት የምታህል፣ ጫፏ የታኘከ የመጻፊያ እርሳስ አገኘች። ይዛት ወደ ሱቁ ሮጠች።

«ይኸው አባዬ፣ አገኘሁት። በልታዋለች።»

ነፍስ ዝራ በዚያች ደቂቃ አንድ ቦርድ ላይ አጎንብሶ ነበር። በቀኝ እጁ የጋለውን የብየዳ ካውያ፣ በግራው ደግሞ እንደ ክር የተጠቀለለውን የብየዳ እርሳስ ይዟል። ልጁ ስለ ስልኩ ስትነግረው ዓይኑ ግራ እጁ ላይ አረፈ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። በየወሩ ከሱቅ የሚገዛው፣ በስሙ የሚጠራው፣ ከሰል ላይ እያቀለጠ ጓሮው ውስጥ ሲያንጠባጥበው የኖረው ነገር ነው። ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አሳረፈና፣ «የልጅ ነገር…» ብቻ አለ። ልጁ የታኘከችውን እርሳስ በመሐረብ ጠቅልላ ለሲስተር ለማሳየት በቦርሳዋ ከተተቻት።

ለምን ዝም እንዳለ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ፈርቶ ነው። ደግሞም ሰኞ ሳይደርስ ጓሮውን አጽድቶ ነገሩን ማጥፋት የሚችል መስሎት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ሕፃኗን ይዛ ወደ ገበያ እንድትሄድ ገፋፍቶ ላካት። እንደ ወጡ መጥረጊያ አነሣ። ምድጃውን፣ አመዱን፣ በየጥጉ የተበተነውን ስብርባሪ ከጥግ እስከ ጥግ ጠረገ። አቧራው በፀሐይዋ ውስጥ እንደ ጉም ተነሣ። የሰበሰበውን ቦይ ውስጥ ደፋና ላቡን ጠራረገ፤ ቀለል አለው። እነሱ ሲመለሱ ሬዲዮ «አባባ ጓሮውን አሳመረው» ብላ ገብታ ተንከባለለችበት። እናቷ ገመድ ላይ ያሰጣችው ልብስ ግራጫ ሆኖ ስላገኘችው እዚያው ልጅቱ አጠገብ አራገፈችው። እሁድ ቀን ሕፃኗ ሆዷን ይዛ ጭኑ ላይ ተኛች። እሱ ግንባሯን እየዳበሰ ዋለ፤ ያን ቀንም አልተናገረም።

ሰኞ ሦስቱም አብረው ሄዱ።

ሲስተር የወረቀቱን ቁጥር አይታ፣ ቤት ውስጥ ወይም በአቅራቢያቸው ባትሪ የሚፈታ፣ ብረት የሚያቀልጥ ወይም አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው እንዳለ ጠየቀች። እናትየው የለም አለች፤ አባቴ ቴሌቪዥን ነው የሚጠግነው፣ ሌላ ነገር የለም። ከዚያ መሐረቡን ፈታችና እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሲስተር አልሳቀችም። አንሥታ አየቻትና መለሰችላት።

«ይህ ስሙ ብቻ ነው እርሳስ፣ እናቴ። ውስጡ ያለው ሌላ ነው። እኛ የምንለው ብረቱን ነው።»

ነፍስ ዝራ ከተቀመጠበት ተነሣ። ለምን እንደተነሣ አያውቅም፤ ተቀምጦ የሚባል ነገር አልመሰለውም ይሆናል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጓሮ ውስጥ አቀልጠዋለሁ።»

ሁሉንም ተናገረ፤ ከሰሉን፣ ቆርቆሮውን፣ መስታወቱን፣ ቦዩን። ልጁ ስትሰማው ቆየችና ድምጿን ሳታነሣ ጠየቀችው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዓርብ።»

«ይህንን ሳሳይህ?»

«አዎ።»

ሲስተር ከዓርብ ወዲህ ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። ጓሮውን እንደ ጠረገ ነገራት። «በደረቁ?» አለች። «በደረቁ» አላት። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ገለጠች። ከዚያ እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ አስረዳችው። እርሳስ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም መራራ አይደለም፤ አቧራ ሆኖ በእጅና በአፍ ይገባል። ለአዋቂ ሰውም ክፉ ነው፤ በሕፃን ግን ገና እየተሠራ ያለውን አእምሮ ነው የሚነካው። በደረቁ መጥረግ ማለት አንሥቶ ለሳንባዋ መስጠት ነው። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ይባል የለ አባቴ? የእናንተ ነገር ቃል በቃል እንደዚያ ነው» አለችው። ልጅቱ ሆስፒታል ተኝታ የምትወስደው መድኃኒት አለ፣ ዋናው መድኃኒት ግን ከዚያ ጓሮ መራቅ ነው። የጠፋው ሁሉ ይመለስ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ሲስተር አልዋሸችም። የተወሰነው ይመለሳል አለች።

ልጁ ወደ ቤት የተመለሰችው ልብስ ለመያዝ ብቻ ነበር። ያንንም ሲስተር እንዳዘዘቻት አጥባ ነው የወሰደችው። ሕፃኗ ከሆስፒታል ስትወጣ የሚያርፉባቸው ሁለት ክፍሎች ከሰፈሩ በላይ ዳገቱ ላይ ተከራየች። በር ላይ ቆማ አባቷን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አለማወቁን ይቅር ማለት እንደምትችል፣ ሦስቱን ቀን ግን እንዴት እንደምታደርገው እንደማታውቅ። እሱም አንገቱን ደፋ።

ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ ያደረገው ከሰሉን ማጥፋት ነው። ዳግመኛ አላቀጣጠለውም። ሁለተኛ ያደረገው ደግሞ ክሊኒኩ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲስተርን መጠበቅ ሆነ። ምን ላድርግ አላት። እሷም አፈር የሚመረምር አንድ ባለሙያ አስከትላ መጣችለት። ባለሙያው ከጓሮው ስምንት ቦታ፣ ከቦዩም ሦስት ቦታ በማንኪያ አፈር ዘግኖ በየከረጢቱ ቁጥር ጻፈበት። ውጤቱ ሲመጣ ምድጃው አጠገብ ያለው ቁጥር ከሌላው ሁሉ አሥር እጥፍ ነበር። ሬዲዮ ዕቃ ዕቃ የምትጫወተው እዚያው ነበር፤ መሬቱ በሙቀት ስለሚደርቅ ጭቃ አይነካትም ብሎ ራሱ ነው ቦታውን የመረጠላት።

ከዚያ ቁፋሮው ተጀመረ። መሬቱን በውኃ ያርሳል፣ አፍንጫና አፉን ይሸፍናል፣ አንድ ስንዝር ያህል ይገፋል፣ እርጥቡን አፈር በጆንያ ሞልቶ በርሜል ውስጥ ያስገባል። የሚሠራበትን ልብስ ከሱቁ ደጃፍ አያሳልፈውም። ጉልበቱ የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ጉልበት ስለሆነ በቀን የሚሞላው ጆንያ ከአራት አይበልጥም። ከጓሮው ሲጨርስ ወደ ቦዩ ወርዶ መስታወቱን በወፍራም ጓንት ለቀመ። በሦስት ወሩ ዘጠኝ በርሜል አፈር፣ አራት በርሜል መስታወት፣ አንድ በርሜል ደግሞ አመድና የብየዳ ጥራጊ ሆነ። አሥራ አራት። ክዳናቸውን በሬንጅ አሸገ፣ በእያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም ምን እንደ ያዘ ጻፈበት።

የት እንደሚወስዳቸው ሲጠይቅ ግን መልስ የሚሰጠው ጠፋ። ማዘጋጃ ቤት የተቀመጠው ጸሐፊ ለዚህ ዓይነቱ ቆሻሻ ቦታ እንደሌላቸው፣ የሚቀበሉት ደረቅ ቆሻሻ ብቻ እንደሆነ ነገረው። «አፈሩ እስካሁን ደርቋል እኮ» አለው ነፍስ ዝራ ከልቡ። ጸሐፊው ከት ብሎ ሳቀና ማመልከቻ እንዲጽፍ መከረው። ጻፈ። ጉዳዩ እየተጠና ነው የሚል ደብዳቤ መጣለት። ደግሞ ጻፈ፤ ያው ደብዳቤ በሌላ ቀን ተጽፎ መጣ። እሱም ዕቃ ማስቀመጫ የነበረውን ክፍል ወለሉን ሲሚንቶ አስደርጎ፣ በርሜሎቹን እዚያ ደረደረና ቆለፈባቸው። ዝገት እንዳይበላቸው በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቀለም ይቀባቸዋል።

ከሁሉ የከበደው ግን ከቦዩ ማዶ ያለው ነገር ነበር። እዚያ የመንትዮቹ እናት ትኖራለች። ስድስት ዓመት የሞላቸው መንትያ ልጆች አሏት፣ ወንድና ሴት። በቦዩ አፋፍ ላይ ጎመንና ቀይ ሥር ትተክላለች፤ ክረምት ሲሆን ጎርፉ ራሱ ያጠጣላታል። መስታወት ሲለቅም ሳለ ነፍስ ዝራ ከአፈሩ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የመስታወት ስኒዎች አገኘ፤ ስኒ ያደረጓቸው ልጆቹ ናቸው፣ ጎድጎድ ያለውን ስብርባሪ መርጠው፣ ጠርዙን በድንጋይ ፍቀው። በጨዋታው ውስጥ ማር የሚሉት ጭቃ እስካሁን ውስጡ ደርቆ ነበር።

ሁለት ቀን አሰበበት። ሴትየዋ ምንም አታውቅም። ባይነግራት የሚያውቅ የለም፤ ቦዩም ጸድቷል። ሦስተኛው ቀን ከመግባቱ በፊት ልብሱን ቀይሮ፣ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ ሄደ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቁጭ ይበሉ ጋሼ አለችው። አልተቀመጠም።

«ሕፃኗ ለምን እንደሄደች ሰምተሻል?»

«አየር ለመለወጥ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«አይደለም። ከእኔ ጓሮ እርሳስ የሚባል መርዝ ገብቶባት ነው። ያው መርዝ እዚህ ቦይ ውስጥ በደፋሁት መስታወትና አመድ አለ። ልጆችሽን ነገ ሳትዪ ዛሬ አስመርምሪ። ሲስተር እየጠበቀችሽ ነው።»

ሴትየዋ ቢላዋውን ከጎመኑ ላይ አላነሣችም። ዓይኗ ከቢላዋው ወደ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ወደ ቦዩ ሄደ። አሁን እየከተፍኩ ያለሁት ጭምር ነው ወይ ስትለው፣ ሊሆን እንደሚችል፣ ላይሆንም እንደሚችል፣ እሱ እንደማያውቅ ነገራት።

«ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር።»

«ለዚያ ነው የነገርኩሽ።»

የከተፈችውን ከነትሪው ይዛ ተነሣች። አልሰደበችውም፣ አላለቀሰችም። ገብታ በሩን ዘጋችው።

መንትዮቹ ተመረመሩ። በአንድ ማዕድ የሚበሉ፣ በአንድ አልጋ የሚያድሩ ልጆች ናቸው፤ ወንዱ ከሚያሰጋው መጠን በታች ሆኖ ተገኘ፣ ሴቷ ግን ከሬዲዮ ቢያንስም ከሚገባው በላይ ነበረባት። እናታቸው ጎመኑንም ቀይ ሥሩንም ነቅላ ጣለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ለነፍስ ዝራ ሰላምታ አልሰጠችውም። መንገድ ላይ ስታየው ወደ ማዶ ትሻገራለች። እሱ ግን ባርኔጣውን ማንሣት አልተወም።

ወሬው ሰባቱ ሱቆች ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ጎረቤቱ ሚስማር ነው፤ በቅጥነቱ ነው ይህን ስም ያገኘው። የሃያ ዓመት ወዳጁ ነበር። የዚያን ቀን ግን ገና ሳይቀመጥ ተቆጣ። ደንበኞች ቴሌቪዥኑ ይመርዛል ወይ እያሉ እየጠየቁት ነው፤ የሰባት ቤት ጉሮሮ ሊዘጋ ነው። «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል» አለው። ነፍስ ዝራ ተነሣ። የሕፃኗን የላብራቶሪ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ሚስማር እስከ ታች አነበበውና አጣጥፎ መለሰለት። እሱም ትንሽ ልጅ አለው። ወደ ሱቁ ተመለሰ። ልጁን ያስመርምር አያስመርምር ለማንም አልነገረም፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ጎሕ ሲቀድ አንድ ጆንያ ሙሉ የተሰባበረ መስታወት የነፍስ ዝራ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። አፉ በሚስማር የታወቀ ቋጠሮ ታስሯል።

ቀስ በቀስ ከሰባቱ አራቱ ከሰል ማንደድ ተዉ። ብየዳውን በመምጠጫ ፓምፕ እየሳቡ ማንሣት ጀመሩ፤ አሰልቺ ነው፣ ቀኑን ይበላል፣ ነገር ግን ጭስ የለውም። ሦስቱ እስከ ዛሬ ያነዳሉ።

ባለ ኮንቴይነሩ በተለመደው ጊዜ ሲመጣ ነፍስ ዝራ ሳጥኑን ሳይነካው ቆመ። ከዛሬ ጀምሮ ሶኬት ላይ ሰክቼ ሳላይ አልወስድም አለው። ነጋዴው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው፣ ታዲያ የሞተውን እኔ ምን ላድርገው ብሎ ጠየቀ።

«እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ያልጠየቅሁት እሱን ነው» አለው ነፍስ ዝራ። «አሁን ተራው የአንተ ነው።»

ነጋዴው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሄደ፤ ሚስማር ሶኬቱን አሳየው። ዕቃውን ወደ መጣበት መለሰው ብሎ መናገር ደስ ባለ ነበር፤ ውሸት ይሆናል እንጂ። የሞተውን ለሦስቱ ሱቆች በርካሽ ሰጠ፣ የቀረውን በራሱ ግቢ ከመረ። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ የመጣው ኮንቴይነር ውስጥ የሞተው ቁጥር በግማሽ አንሶ ነበር። በባሕር ማዶ ያለውን ዕቃ ጫኝ መምረጥ ይቻል ኖሯል ማለት ነው።

ነፍስ ዝራ እሁድ እሁድ ዳገቱን ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ገላውን ታጥቦ፣ ለዚያ ቀን ብቻ የሚያደርገውን ጫማ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ልጁ ሕፃኗን ደጃፍ ላይ አውጥታ ትሰጠውና ራሷ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ከውስጥ ይሰማዋል። ከዚያ ወንበር ማውጣት ጀመረች። ከዚያ ደግሞ ግባ አለችው። ሦስቱን ቀን በተመለከተ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። የሬዲዮ የምግብ ፍላጎት ተመለሰ፣ ፊቷ ወዛ። ወሬም ጀምራለች፤ አንዳንድ ቃል ግን አፏ ላይ ደርሶ ይጠፋባታል፣ እኩዮቿ አሥር ሲቆጥሩ እሷ ስድስት ላይ ትቆማለች። አያቷም ቃሉን ከአፏ ላይ እንዳይነጥቃት ዝም ብሎ ይጠብቃታል።

የመንትዮቹ እናት በስምንተኛው ወር አንድ ቀን ወደ ሱቁ መጣች። የልጇን አዲስ የምርመራ ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘረጋችለት። ቁጥሩ ወርዷል። «ያዩት ብዬ ነው» አለችና ወረቀቷን ይዛ ሄደች። በማግሥቱ መንገድ ላይ ሲያገኛት ወደ ማዶ አልተሻገረችም።

ሬዲዮ ከሄደች ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን ልጁ ብቻዋን ወደ ቤት መጣች። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ተመርምራ ሦስቱንም ጊዜ ቁጥሯ እየወረደ እንደመጣ ነገረችው። የቤት ኪራዩ ከብዷታል፣ ደንበኞቿ ያሉት እዚህ ሰፈር ነው፤ ከሁሉም ደግሞ እሱ ብቻውን ሲበላ ማሰብ እንዳስመረራት አልደበቀችም።

«ልመለስ አባዬ» አለችው። «ጓሮውም አዲስ አፈር ለብሷል።»

ነፍስ ዝራ ይህንን ቃል ስንት ሌት ሲመኘው እንደኖረ እሱ ነው የሚያውቀው። ልጁን አየት አደረጋትና፣ ነይ ብሎ በቤቱ አዞራት። ጓሮው መሐል ቆሞ እዚህ ደህና ነው አላት፤ ባለሙያው ዘንድሮም መርምሮታል። ወደ አጥሩም ወስዶ እዚህም ደህና ነው አላት። ከዚያ የእሷ መኝታ የነበረችውን ክፍል ከፈተና ወደ ጣሪያው አመለከተ። የአሥራ ስምንት ዓመት ጭስ የለጠፈው ጥቀርሻ ከወራጁ እንጨት ላይ ገና አልለቀቀም፤ ነፋስ ሲነሣ ይራገፋል። ባለሙያው ከመስኮቱ ደፍ በጨርቅ ጠርጎ የወሰደው ናሙና ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ነው የተመለሰው። ጣሪያው መፍረስ አለበት፤ ሥራው ከሚቀጥለው ዓመት በፊት አያልቅም።

«ገና ነው» አላት።

«ማንም አላወቀም ነበር እኮ። ዝም ብትል ዛሬ ተመልሼ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ያኔ አለቀሰች። እሱም ትከሻዋን ያዘ፤ ከክሊኒኩ ቀን ወዲህ ሲነካት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ እንግዲያው የእናቴን ቁም ሣጥን ልውሰድ፣ የልጅቱ ልብስ ካርቶን ውስጥ እየተጨማደደ ነው አለችው። ቁም ሣጥኑን በሁለት ወገን ይዘው ወደ ደጃፉ አወጡት። ነፍስ ዝራ ባልዲ ውኃ አቀረበ። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ እየመዘዙ፣ ውስጡን፣ ጀርባውን፣ የእግሩን ሥር ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ወለወሉት። የደፈረሰውን ውኃ መሬት ላይ አልደፋውም፤ ለእሱም ለብቻ ክዳን ያለው ጀሪካን አለው። ባለ ጋሪው መጥቶ ሲጭንላቸው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ልጁ ከፊት እየመራች፣ እሱ ቁም ሣጥኑን ከኋላ በሁለት እጁ እየደገፈ፣ ዳገቱን ተያያዙት።